ክቡ ውስጥ የተገኘ ሁሉ ባለቤት አይደለም

ሰሞኑን ስለ ጠፈር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰው ሁሉ ሲቀባበለው ከረመ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰዎች ልከውልኛል። አንዱማ ከሥሩ «በቃ፣ ተፈታ!» ብሎበታል።

ተፈታ የተባለው እንቆቅልሽ ይህ ነው። ፌርሚ የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ከ2008 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጋማ ጨረር (ከኤክስሬይም የሚበረታ፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን) የሚልኩ የሰማይ ምንጮችን ይመዘግባል። ከመዘገባቸው ውስጥ ብዙዎቹ ምን እንደሆኑ እስካሁን አይታወቅም። ጸሐፊው «ታውቋል» ይላሉ። ኃይለኛ ማግኔት ያላቸው፣ ከሌላ ኮከብ ጋር ተጣምረው የሚዞሩ ነጭ ድንክ ኮከቦች ናቸው ባይ ናቸው።

ጽሑፉ ይነበባል። ቋንቋው ያምራል፤ ጸሐፊው ጉዳዩን እንደሚወዱትም ያስታውቃል። መደምደሚያው ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ክርክራቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ከፌርሚ ምንጮች ሩብ ያህሉ ስም የላቸውም፤ ይህን ክፍተት የሚሞላ የተደበቀ የኮከብ ዘር መኖር አለበት ይላሉ። የኤክስሬይ ቴሌስኮፖች ወደነዚህ ቦታዎች ዞረው ሲያዩ ባለማግኔት ነጭ ድንክ አግኝተዋል፤ ዋና ምስክራቸው ኤክስኤስኤስ ጄ12270-4859 የተባለው ጥንድ ነው። ኢንቴግራል በተባለው ሳተላይት የታዩ ያልታወቁ ምንጮችም ሲጣሩ ብዙዎቹ ነጭ ድንክ ሆነው ተገኝተዋል፤ አሁንም የሚሆነው ያው ነው። ኤኢ አኳሪና ኤአር ስኮርፒ የተባሉት ጥንዶች ነጭ ድንክ እንደ ፑልሳር መሥራት እንደሚችል አሳይተዋል። ኖቫዎች፣ ማለትም በነጭ ድንክ ገጽ ላይ የሚደርሱ ፍንዳታዎች፣ በጋማ ጨረር መታየታቸው ደግሞ ክርክሩን ይዘጋዋል። ይህ ሁሉ ማስረጃ እያለ ሳይንቲስቶች ፑልሳር ብቻ ስለሚፈልጉ ፑልሳር ብቻ ያገኛሉ። ክሱ በአጭሩ ይህን ይመስላል።

ለአዲስ አንባቢ ሁለት ቃል ላስተዋውቅ። ነጭ ድንክ፣ እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ሲያበቃ የሚቀረው አስኳል ነው። ክብደቱ ፀሐይን፣ መጠኑ ግን ምድርን ያህላል። ኒውትሮን ኮከብ ከዚያ የባሰ የተጨመቀ ነው። ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት፣ ከዳር እስከ ዳር 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ኳስ ውስጥ ታጭቋል። ፑልሳር የምንለው በፍጥነት እየተሽከረከረ፣ እንደ ባሕር ዳርቻ መብራት ጨረሩን በየዙሩ ወደ እኛ የሚያበራውን ኒውትሮን ኮከብ ነው። የዚህ ሁሉ ክርክር ጣጣ ነጭ ድንክና ኒውትሮን ኮከብ ከሩቅ ሲታዩ መመሳሰላቸው ላይ ነው።

ሩቡ ክፍተት

ቁጥሩ ልክ ነው። የፌርሚ አራተኛው ካታሎግ በስምንት ዓመት መረጃ 5064 ምንጮችን ዘርዝሯል። ከነዚህ ውስጥ 1336ቱ በሌላ የብርሃን ዓይነት አሳማኝ ተጓዳኝ አልተገኘላቸውም። ሩብ ቢባል አያስነውርም።

ስህተቱ ሩቡን እንደ አንድ ጎሳ መቁጠሩ ነው። ስሙ ያልታወቀ ሰው ሁሉ ዘመድ አይደለም። ከታወቁት ውስጥ ከ3130 በላይ የሚሆኑት ብሌዛር ናቸው። ብሌዛር ማለት በሩቅ ጋላክሲ መሐል ያለ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ወደ እኛ አቅጣጫ የሚተፋው የቅንጣት ጅረት ነው። 239ኙ ደግሞ ፑልሳሮች ናቸው። እንግዲህ የታወቀው ሰፈር እንዲህ ከሆነ፣ ካልታወቁት ውስጥም ብዙዎቹ ያው ብሌዛርና ፑልሳር፣ ደከም ያሉና ራቅ ያሉ፣ ናቸው ብሎ መጠርጠር ተፈጥሯዊ ነው። በጋላክሲያችን በፍኖተ ሐሊብ ጠለል (ከዋክብቱ በተነጠፉበት ጠፍጣፋ ገበታ) አካባቢ ያሉት አንዳንዶቹ ከናካቴው ምንጭ ላይሆኑም ይችላሉ። በከዋክብት መካከል ያለው ጋዝ ራሱ ጋማ ጨረር ያመነጫል፤ የጋዙን ካርታ ስንስል የሳትነው ቦታ ምንጭ መስሎ ብቅ ይላል።

ስም የለሾቹ ስም ሲያገኙ ወዴት እንደሚሄዱም ታሪክ አለን። ከፌርሚ በፊት በጋማ ጨረር የታወቁት ፑልሳሮች ቢበዛ 11 ነበሩ። በ2023 የወጣው ሦስተኛው የፌርሚ ፑልሳር ካታሎግ 294 ቆጥሯል። ከነዚህ ብዙዎቹ ትናንት «ያልታወቀ» ተብለው ከተመዘገቡት መሐል የወጡ ናቸው።

የሁሉም አያት ጄሚንጋ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የታየ ብርቱ የጋማ ምንጭ ሆኖ ሳለ ለ20 ዓመት ያህል ምን እንደሆነ አልታወቀም። ስሙ ራሱ ቀልድ ነው፤ በሚላኖ ሰዎች አነጋገር «የለም» እንደማለት ይሰማል። በ1983 የኤክስሬይ ተጠርጣሪ ተገኘለት። ያኔ ግን ማንም «ተፈታ» አላለም። በ1992 ሮዛት የተባለው የኤክስሬይ ሳተላይት በየ0.237 ሰከንዱ የሚመታ ምት አገኘበት። ከዚያ በጋማው መረጃ ውስጥ ያው ምት ተፈልጎ ተገኘ። ጉዳዩ የተዘጋው ያኔ ነው። ኒውትሮን ኮከብ ነበር። ይህችን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፣ ቆይቼ እመለስባታለሁ።

የኤክስሬይ ነጥብና ክቡ

የጽሑፉ ልብ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጋማ ጨረር እንደ ተራ ብርሃን በመስታወት አይሰበሰብም። ፌርሚ የሚያደርገው፣ ጨረሩ መሣሪያው ውስጥ ገብቶ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ሲቀየር የሚተወውን ዱካ ተከትሎ ከየት እንደመጣ መገመት ነው። ግምቱ ነጥብ ሳይሆን ክብ ይሰጣል፦ ምንጩ እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ነው ይለናል። ለደካማ ምንጭ ያ ክብ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። በዚያ ክብ ውስጥ ስንትና ስንት ኮከብና ጋላክሲ አለ።

ስለዚህ ኤክስሬይ ይጠራል። ስዊፍት የተባለው ሳተላይት በ2004 የመጠቀ ሲሆን የኤክስሬይ ዓይኑ አንዴ ሲያይ ክቡን በሙሉ ይሸፍናል። ውስጡ ያገኘውን የኤክስሬይ ነጥብ ደግሞ ቦታውን በጥቂት የቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ይወስናል። ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ከዚያም ይልቃል። ፍለጋው ከአንድ ሰፈር ወደ አንድ በር ይጠባል ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ዘዴ ማድነቃቸው ተገቢ ነው፤ እኔም አደንቀዋለሁ። ችግሩ በሩ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ የቤቱ ባለቤት ማድረጋቸው ነው።

ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በ2024 መጀመሪያ ይፋ የሆነው ኢሮዚታ የተባለው ቴሌስኮፕ የኤክስሬይ መዝገብ የሰማዩን ግማሽ ብቻ ይሸፍናል፤ ወደ 900,000 የሚጠጉ ምንጮች አሉበት። ግማሽ ሰማይ 20,600 ካሬ ዲግሪ ገደማ ነው። ሲካፈል ለአንድ ካሬ ዲግሪ ከ40 በላይ ምንጭ ይደርሳል። ከመሐል እስከ ጠርዙ 0.1 ዲግሪ የሆነ ክብ ስፋቱ 0.03 ካሬ ዲግሪ ነው። ሲባዛ ከአንድ ይበልጣል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ክብ ሰማዩ ላይ ብትጥሉ፣ በአማካይ ቢያንስ አንድ የኤክስሬይ ምንጭ ውስጡ ይገባል። ጋማ ጨረር ኖረም አልኖረም። ረዘም ላለ ሰዓት የሚያይ ቴሌስኮፕ ከሆነ ደግሞ ብዙ ይገባል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ምን ሊመልሱ እንደሚችሉ ይታየኛል። «እኔ ያልኩት ማንኛውንም የኤክስሬይ ምንጭ አይደለም፤ ባለማግኔት ነጭ ድንክ ብርቅ ነው።» ጥሩ ነጥብ ነው። ብርቅነቱ ግን እንደ ሰፈሩ ነው። በጋላክሲያችን ጠለል ላይ እንደ ጉም ተዘርግቶ የሚታይ የኤክስሬይ ብርሃን አለ። በ2009 ቻንድራ አንዱን ቦታ ለረጅም ሰዓት ትኩር ብሎ ሲያየው፣ የጋለ ብረት በሚለቃቸው የኤክስሬይ መስመሮች አካባቢ ከ80 በመቶ የሚበልጠው ብርሃን ወደ ነጠላ ነጠላ ነጥቦች ተበተነ። ነጥቦቹ በአብዛኛው ከጓደኛቸው ጋዝ የሚስቡ ነጭ ድንኮችና ንቁ ተራ ኮከቦች ናቸው ተብሎ ነው የሚታሰበው። ከጠለሉ ሳንርቅ በመቶ የሚቆጠሩ የፌርሚ ክቦችን ብንበረብር፣ ነጭ ድንክ የወደቀበት ክብ ባናገኝ ነው የሚገርመው።

አሁን ወደ ዋናው ምስክር። ኤክስኤስኤስ ጄ12270-4859 የእርሳቸው ምርጥ ማስረጃ ተደርጎ ቀርቧል። እውነት ለመናገር እኔ ይህን ምስክር ለራሴ ወገን ነበር የምጠራው።

መጀመሪያ የታየው በኤክስሬይ ነው። በእይታ ብርሃን ሲመረመር በስፔክትረሙ (ብርሃኑ በጉልበቱ ሲዘረዘር) ጋዝ የሚስብ ነጭ ድንክ የሚያሳየውን ዓይነት መስመር አሳየ። ባለማግኔት ነጭ ድንክ ነው ተባለ። በ2008 እንዲያውም 860 ሰከንድ ገደማ የሆነ የመሽከርከር ሰዓት ተገኘለት የሚል ሪፖርት ወጣ። በ2010 ደግሞ ከአንድ የፌርሚ ምንጭ ጋር ቦታው መግጠሙ ታየ። ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ አቁመውታል። እዚህ ላይ ከቆመ በእርግጥ ያምራል።

ግን አልቆመም። 860 ሰከንድ የተባለው ምት በሱዛኩ ሳተላይት ሲፈለግ የለም። ከዚያ በ2012 መጨረሻ ላይ ከኮከቡ ዙሪያ የነበረው የጋዝ ዲስክ ድራሹ ጠፋ። መስመሮቹም አብረው ጠፉ። ዲስኩ ሲገለጥ ከውስጥ ብቅ ያለው ፑልሳር ነው፤ በየ1.69 ሚሊ ሰከንዱ የሚመታ። በአንድ ሰከንድ ወደ 600 ጊዜ የሚጠጋ መዞር ማለት ነው። ነጭ ድንክ በዚህ ፍጥነት ቢዞር ይበታተናል። የጋማውም፣ የኤክስሬዩም፣ የመስመሮቹም ባለቤት ኒውትሮን ኮከብ ነበር።

አንድ አጋጣሚ ነው እንዳይባል ደግሞ መንትያ አለው። ጄ1023+0038 የተባለው ጥንድ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባለማግኔት ነጭ ድንክ ተብሎ ተመድቦ ነበር። በ2005 ሌሎች ተመራማሪዎች ኮከቡ ለነጭ ድንክ አይመጥንም፣ ኒውትሮን ኮከብ ይመስላል አሉ። በ2009 ፑልሳሩ ተገኘ። በ2013 ደግሞ ዲስኩ ተመልሶ መጣ፣ የራዲዮ ምቱ ጠፋ፣ የጋማ ድምቀቱም ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ጨመረ። (የሚገርመው እሱም በየ1.69 ሚሊ ሰከንዱ ነው የሚመታው። የሁለቱ ሰዓት እንዲህ መቀራረቡ ግጥምጥሞሽ ነው፤ እንዲህ ያለው ሲያጋጥመኝ፣ ክብ ውስጥ ለሚገኝ ግጥምጥሞሽም መጠንቀቅ እንደሚገባ ትዝ ይለኛል።)

ልብ በሉ፣ ስህተቱ በአንድ አቅጣጫ ነው የሄደው። ሁለቱም ነጭ ድንክ ተብለው ገብተው ኒውትሮን ኮከብ ሆነው ወጡ። ጋማ ጨረር ያለበት ነጭ ድንክ አገኘሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው «ነጭ ድንክ መሆኑን በምን አወቅሁ?» ነው።

የኢንቴግራል ምሳሌ

ይህኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት አላቸው፤ በሙሉ ልብ እሰጣቸዋለሁ። ኢንቴግራል በ2002 መጥቆ ሰማዩን ሲያስስ ያልታወቁ ምንጮች አከማችቶ ነበር። በስዊፍትና በቻንድራ ኤክስሬይ ቦታቸው ሲጠብ፣ በምድር ቴሌስኮፖች ሲመረመሩ፣ በርካቶቹ በእርግጥ ባለማግኔት ነጭ ድንኮች ሆኑ። ቆንጆ ሥራ ነው።

ግን «ጋማ ጨረር» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሸፍኖ ሸወዳቸው። ኢንቴግራል እነዚያን ነጭ ድንኮች ያያቸው ከ17 እስከ 100 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ ነው) ባለው ክልል ነው። አንዳንዱ ለስላሳ ጋማ ይለዋል፣ አንዳንዱ ጠንካራ ኤክስሬይ። ፌርሚ የሚመለከተው ከዚያ ሺህና ዐሥር ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ጉልበት ነው። አንዱ ላይ የሠራ ነገር ሌላው ላይ ይሠራል ማለት፣ ሁለቱም ውኃ ስለሆኑ ኩሬ የተሻገረ ውቅያኖስ ይሻገራል እንደማለት ነው።

የአሠራሩን ፊዚክስ ካየን ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ነጭ ድንኩ ከጓደኛው ጋዝ ይስባል። ማግኔቱ ጋዙን ወደ ዋልታዎቹ ይመራዋል። ጋዙ በሰከንድ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወርዶ ከኮከቡ ገጽ በላይ ይላተምና ይግላል። የጋለው ጋዝ ኤክስሬይ ይለቃል። አንድ ፕሮቶን ከሩቅ ተነስቶ ነጭ ድንክ ላይ ሲወድቅ የሚያገኘው ጉልበት 0.15 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (ሜጋው ሺህ ኪሎ ነው) አካባቢ ነው። ያው ፕሮቶን ኒውትሮን ኮከብ ላይ ቢወድቅ ከ100 ሜጋ ይበልጣል። ፌርሚ በደንብ የሚያየው ደግሞ ከ100 ሜጋ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ነጭ ድንክ በመውደቅ ብቻ ፌርሚ ጋ አይደርስም። ቅንጣቶችን የሚያፈጥን ሌላ ሞተር ያስፈልገዋል።

ኤክስሬዩ ራሱ ይመሰክራል። የነዚህ ነጭ ድንኮች ስፔክትረም የሙቀት ነው። ከ6.4 እስከ 7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ክልል ላይ ሦስት የብረት መስመሮች ይታዩበታል፤ ሁለቱን የሚሠራው የጋለ ብረት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጨረር ጉልበቱ ከፍ ሲል በፍጥነት ይሞታል፣ ጅራት አይተውም። ስለዚህ ፌርሚ ክብ ውስጥ እነዚህን መስመሮች ያደመቀ ነጭ ድንክ መገኘቱ፣ ኮከቡ ለጋማው ባለቤትነት ያለውን ዕድል የሚጨምር ሳይሆን የሚቀንስ ነው። ጸሐፊው ግን የብረት መስመሮቹን በደስታ ነው የጠቀሷቸው።

ሁለቱ ዝነኞች

ያ «ሌላ ሞተር» የት አለ ከተባለ ኤኢ አኳሪና ኤአር ስኮርፒ ይጠራሉ። ይህ ከስድስቱ ነጥቦች በጣም ብርቱው ነው፤ እኔም የምወደው ርዕስ ስለሆነ ላዳላ እችላለሁ።

ኤኢ አኳሪ ከእኛ 300 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ነጭ ድንኩ በ33 ሰከንድ አንዴ ይዞራል፤ ለነጭ ድንክ እብደት ነው። ከጓደኛው የሚመጣውን ጋዝ ከመዋጥ ይልቅ በማግኔቱ እየወነጨፈ ይጥለዋል። መዞሩም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው። በዚህ መቀነስ የሚለቀቀው ጉልበት ፀሐይ ከምታበራው ሁሉ በለጥ ይላል። ስለዚህ ሞተሩ አለ ማለት ይቻላል። ጸሐፊው በዚህ አልተሳሳቱም።

ጨረሩስ? በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለት የምርምር ቡድኖች ከኤኢ አኳሪ እጅግ ብርቱ ጋማ ጨረር አየን ብለው ነበር። ጽሑፉ እነዚህን ይጠቅሳል። በኋላ የዊፕል ቴሌስኮፕ ፈለገው፣ አላገኘም። በ2012 ማጂክ የተባሉት ባለ17 ሜትር ጥንድ ቴሌስኮፖች አዩት፤ ከዚህ አይበልጥም የሚል ጣሪያ ብቻ ነው ይዘው የተመለሱት። በፌርሚ የዓመታት መረጃም የተገኘው ያው ጣሪያ ነው። ይህ ሁሉ ከጽሑፉ ቀርቷል።

በኤክስሬዩም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ሱዛኩ በ2005ና በ2006 አይቶት ከ10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ የሾለ ምት አለ፣ ከሙቀት የመጣ አይመስልም ተባለ። ደስ የሚል ዜና ነበር። ኑስታር የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ደግሞ በዚያ ክልል ከሱዛኩ የተሻለ ዓይን አለው። በ2012 ሲያየው ያ የሾለ ምት አልታየም፤ ጨረሩም በሙቀት ሊገለጽ የሚችል ሆነ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እዚህ ግን ሱዛኩን ያዩት ሳይንቲስቶች አልቸኮሉም፣ ያዩትን ነው የጻፉት። የቸኮለው ከኑስታር በኋላም የሱዛኩን ብቻ የሚጠቅሰው ነው።

ኤአር ስኮርፒ ይበልጥ ያስደንቃል። ለዓሥርት ዓመታት ተራ ተለዋዋጭ ኮከብ ተብሎ ተመዝግቦ ኖሯል። አማተር ተመልካቾች ነገሩ ደስ አላላቸውም፤ በነሱ ጥቆማ በ2016 እውነቱ ወጣ። ነጭ ድንኩ በ117 ሰከንድ ይዞራል። ከጓደኛው ጋር ደግሞ በ3.56 ሰዓት ይዞራሉ። ከራዲዮ እስከ አልትራቫዮሌት በየሁለት ደቂቃው ገደማ ብልጭ ድርግም ይላል። በ2017 የእይታ ብርሃኑ እስከ 40 በመቶ የተቃኘ (ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ) መሆኑ ተለካ። ይህ በማግኔት ውስጥ የሚከንፉ ኤሌክትሮኖች ምልክት ነው። «ነጭ ድንክ ፑልሳር» የተባለው ያለምክንያት አይደለም። በ2023 ሁለተኛው ተገኘ፤ በ5.3 ደቂቃ አንዴ ይዞራል፣ ኢሮዚታም በኤክስሬይ አይቶታል።

እዚህ ድረስ አብረን ነን። «ስለዚህ ጋማ ጨረር ይረጫሉ» የሚለው ላይ ነው የምንለያየው። የኤአር ስኮርፒ ኤክስሬይ በአብዛኛው ከጋለ ጋዝ የሚመጣ ነው፤ ከምቱ ጋር የሚሄደው ክፍል ትንሽ ነው። በጋማ ደግሞ አስተማማኝ ሆኖ የታየ ነገር የለም። እሱም ከ400 የብርሃን ዓመት ባነሰ ርቀት ላይ ሆኖ።

ርቀቱን ዝም ብዬ አይደለም የምደጋግመው። ብርሃን በርቀት ስኩዌር ይደክማል። ዐሥር ጊዜ የራቀ መቶ ጊዜ ይፈዝዛል። ደጃችን ላይ ያሉት ሁለቱ፣ ያውም ኃይለኞቹ፣ በፌርሚ ካልታዩ፣ በብዙ ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት ያሉ ወንድሞቻቸው በምን ተአምር ካታሎጉን ይሞሉታል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ኖቫዎች

እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እጅ እሰጣለሁ፤ ግን ለሌላ ጥያቄ ነው።

ነጭ ድንክ ያለበት ጥንድ ጋማ ጨረር ማመንጨት ይችላል ወይ ከተባለ፣ መልሱ አዎ ነው። በመጋቢት 2010 ቪ407 ሲግኒ የተባለው ጥንድ ኖቫ ሆኖ ሲፈነዳ ፌርሚ አየው። ብዙ ሰው አልጠበቀም ነበር። በነሐሴ 2021 አርኤስ ኦፊዩኪ ሲፈነዳ ደግሞ ሔስና ማጂክ የተባሉት የምድር ቴሌስኮፖች ጭምር እጅግ ከፍ ባለ ጉልበት አዩት። ለጸሐፊው አንድ ጉርሻ ልጨምር፤ እርሳቸው አልጠቀሱትም። በሰኔ 2012 ፌርሚ አንድ ያልታወቀ ብልጭታ መዘገበ። ቦታው ለፀሐይ ስለቀረበ በእይታ ብርሃን ማየት አልተቻለም። ፀሐይ ፈቀቅ ስትል፣ በነሐሴ ወር፣ እዚያው ቦታ ኖቫ ተገኘ፤ ቪ959 ሞኖሴሮቲስ። ያልታወቀ የጋማ ምንጭ ነጭ ድንክ ሆኖ ተገኘ ከተባለ እውነተኛው ምሳሌ ይህ ነው።

ታዲያ ለምን አይዘጋውም? ሞተሩ ሌላ ስለሆነ። በኖቫ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ማግኔቱም መሽከርከሩም አይደለም። በነጭ ድንኩ ገጽ ላይ የተከማቸ ሃይድሮጅን ይፈነዳል፣ የተተፋው ጋዝ ከሌላ ጋዝ ጋር ይላተማል፣ የግጭቱ ማዕበል ቅንጣቶችን ያፈጥናል። ጨረሩ ለሳምንታት ታይቶ ይጠፋል። የካታሎጉ ስም የለሽ ምንጮች ግን በአብዛኛው በዓመታት ድምር ጎልተው የወጡ ናቸው። የሳምንታት ርችት የዓመታትን መብራት አያስረዳም።

«ፑልሳር ስለሚፈልጉ ነው»

ይህ ክስ ትንሽ እውነት አለው። ፌርሚ ያልታወቀ ነገር ባየ ቁጥር የራዲዮ ቴሌስኮፖች ወደዚያ ዞረው ፑልሳር ይፈልጋሉ። የፈለጉትን አይነት ዓሣ የሚይዝ መረብ ነው የጣሉት፣ አልከራከርም።

ግን ከላይ ያነሳኋቸው ኖቫዎች ይህን ክስ ያፈርሱታል። ነጭ ድንክ በጋማ ይታያል ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት ሆኖ ሳለ ፌርሚ አየው፣ ወዲያው ታተመ። ማንም አልደበቀውም። የኤክስሬይ ፍተሻውም ቢሆን ፑልሳር ብቻ አይመርጥም፤ ስዊፍት ክቡን ሲያይ ውስጡ ያለውን ሁሉ ነው የሚዘግበው።

ፑልሳሮቹም ቢሆኑ በቀላሉ አልተገኙም። በ2011 አንድ ስም የለሽ የፌርሚ ምንጭ ውስጥ ቻንድራ ያገኘው ነጥብ በእይታ ብርሃን ተመርምሮ በ4.6 ሰዓት የሚዞር ጥንድ መሆኑ ታወቀ። ነጭ ድንክ ነው ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። ፍለጋው ቀጠለና በየ2.88 ሚሊ ሰከንዱ የሚመታ ፑልሳር ተገኘ። ከዚያ በኋላ ያለው ጄ1311-3430 ደግሞ በራዲዮ ተፈልጎ እምቢ ያለ ነበር። በእይታ ብርሃን በ93 ደቂቃ የሚዞር ጥንድ መሆኑ ተያዘ። በዚያ ፍንጭ የአራት ዓመት የጋማ መረጃ ተበርብሮ በ2012 የ2.5 ሚሊ ሰከንድ ምት ወጣበት። የእይታ ብርሃኑ መንገዱን ጠቆመ፤ ምቱን ያወጣው ግን የጋማው ቅንጣቶች የመድረሻ ሰዓት ነው።

ጄሚንጋ ላይ ያዙልኝ ያልኩት ይህንን ነው። ኤክስሬይ ቦታ ይሰጣል፣ ጥርጣሬ ይሰጣል። ባለቤትነትን የሚያጸናው ሰዓቱ ነው፤ በኤክስሬይ ወይም በራዲዮ የተቆጠረው ምት በጋማውም ሲመታ። የፌርሚ ካታሎግ ራሱ ይህን ይለያል። ከ5064ቱ ውስጥ «ተለይቷል» ብሎ የጻፈው 358ቱን ብቻ ነው፤ ምታቸው፣ የመለዋወጣቸው ሁኔታ ወይም የሰማይ ላይ ስፋታቸው የገጠመውን። የቀረውን «ይዛመዳል» ብሎ ነው ያለፈው። ጸሐፊው ሁለቱን ቃላት ቀላቅለዋቸዋል።

ለእርሳቸውም የሚሆን መንገድ አለ። የፌርሚ መረጃ ለማንም ክፍት ነው። ክብ ውስጥ ያገኟቸውን ነጭ ድንኮች የመሽከርከር ሰዓት ይውሰዱ፤ 33 ሰከንድ ይሁን 117 ወይም ሌላ። የጋማ ቅንጣቶቹን የመድረሻ ሰዓት በዚያ ምት ላይ ዙር በዙር ደርበው ይዩት። አንዱ ላይ እንኳ ምት ከወጣ «በቃ፣ ተፈታ!» ብሎ ለላከልኝ ሰው ደውዬ ልክ ነበርክ እለዋለሁ።